"ዘ ዌይን ኢዝ ግሪትን" ሲሉሽ ልጁ ሰላም እያለሽ አይደለም፦ ስለ ስኮትስ የልቅሶ ቃል

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ላሳጥረው። ግላስጎ ውስጥ አንድ የሕፃናት መዋያ ትሰሪያለሽ፣ በጀመርሽ ሳምንት አንዷ ባልደረባሽ "ዘ ዌይን ኢዝ ግሪትን" ስትልሽ አንቺ ልጁ ሰላም እያለሽ መስሎሽ ፈገግ ብለሽ እጅሽን አውለበለብሽ፣ ልጁ ለካ ምንጣፉ ላይ ተዘርሮ እየነፈረቀ ነው። ከዛ ደሞ ሌላ ሰው "እሱ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፣ የሰፈር ቋንቋ ነው፣ እንዳትለምጂው" አለሽ። አሁን የአራት አመት ልጅሽ ራሷ ቃሉን ይዛ ቤት ገባች። እና ቃሉ ከየት መጣ፣ ድሮስ ትርጉሙ ምን ነበር፣ ልጄን ላርማት ወይስ ልተዋት ነው ያልሽው።

እህቴ፣ አታርሚያት። ለምን እንደሆነ ደሞ በደንብ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም እኔ የነዚህን ቋንቋዎች ታሪክ ነው ስማር የኖርኩት፣ እና ይሄን ቃል "የተሰባበረ" ሲሉት በጣም ነው የሚከፋኝ። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ተሰብሮ የወጣ ሳይሆን እንግሊዝኛ ራሱ ድሮ የነበረውና በኋላ የጣለው ቃል ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ስኮትላንድ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ሁለት የቆዩ ቋንቋዎች አሉ። አንዱ ጌሊክ ነው፣ የደጋውና የደሴቶቹ ሰው የሚናገረው፣ ከአይሪሽ ጋር የሚዛመድ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል። ሌላው ስኮትስ ነው፣ አንቺ ግላስጎ ውስጥ የምትሰሚው፣ እሱ የእንግሊዝኛ ልጅ አይደለም፣ ወንድሙ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን አንግሎች የሚባሉት ሰዎች ከሰሜን እንግሊዝ ተነስተው ዛሬ ኤድንብራ ያለበትን አገር ሲይዙ ይዘውት የመጡት ንግግር ነው የዚህ ቋንቋ መሰረት። የሚገርምሽ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ "ኢንግሊስ" ነበር የሚሉት፣ "ስኮቲስ" የሚለው ስም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው ለዚህ ቋንቋ መዋል የጀመረው። በ2022 ቆጠራ ላይ ስኮትስ እናገራለሁ ያለው ሰው 1.5 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ በ2025 ደሞ የስኮትላንድ ፓርላማ ለጌሊክም ለስኮትስም ኦፊሴላዊ እውቅና የሚሰጥ ህግ አውጥቷል። የሰፈር ቋንቋ ላለሽ ሰው ይሄን ንገሪው።

ወደ ቃሉ ስንመጣ፣ አንቺን ያሳሳተሽ ነገር ማንንም ያሳስታል ምክንያቱም ሁለት ቃል ነው ቦታ የተለዋወጠው። በእንግሊዝኛ "ግሪት" ሰላምታ መስጠት ነው፣ "ክራይ" ደሞ ማልቀስ። በስኮትስ ግን "ግሪት" ማልቀስ ነው፣ "ክራይ" ደሞ መጥራት! "ዋት ዴ ዘይ ክራይ ዪ" ብሎ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅሽ ለምን ታለቅሻለሽ ማለቱ አይደለም፣ ስምሽ ማነው፣ ማን ብለው ነው የሚጠሩሽ ማለቱ ነው። እንደውም እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ትርጉም ጋር የቀረው ስኮትሱ ነው፣ "ክራይ" ከፈረንሳይኛ ሲመጣ መጮህ፣ መጣራት ነበር ትርጉሙ፣ እንግሊዝኛ ነው ኋላ ላይ ወደ ልቅሶ የወሰደው።

ሁለቱ "ግሪት" ደሞ ፈጽሞ ዘመዳሞች አይደሉም። የሰላምታው ግሪት ከጀርመንኛው "ግሩሰን" ጋር አንድ ነው፣ ጀርመን ያላችሁ "ግሩስ ጎት" ስትባሉ የምትሰሙት እሱን ነው። የልቅሶው ግሪት ሌላ ስር ነው፣ ጎቶች የሚባሉት የጥንት ሕዝቦች በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጎምላቸው ያኔ በነሱ ቋንቋ "ግሬታን" ይባል ነበር፣ ማልቀስ። ሁለቱ ስሮች በጥንት ጊዜ አናባቢያቸው ይለያይ ነበር፣ በሰሜኖቹ አንግሎች አፍ ግን ቀስ በቀስ ተጠጋግቶ ሁለቱም "ግሬታን" ሆኑ። አስቢው እስኪ፣ ሰላም ማለትና ማልቀስ በአንድ ድምጽ! የኛ "ገና" ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለያያል፣ የነሱ ግን እሱም ልዩነት የለውም። እንደኔ ግምት ስኮትሶቹ ግራ ሳይጋቡ የኖሩት ባለፈው ጊዜ ግሱ ነው፣ የልቅሶው ግሪት ያለፈው ጊዜው "ግራት" ነው፣ ከዛም "ግረትን" ይላል፣ የሰላምታው ግን እንደማንኛውም ግስ መጨረሻው ላይ "ድ" ወይ "ት" ብቻ ነው የሚጨምረው። ግራት ካለሽ ልቅሶ ነው፣ አለቀ።

ስዊድን፣ ኖርዌይ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ስታነቡ ቃሉን እንደምታውቁት እርግጠኛ ነኝ፣ ስዊድኖቹ "ግሮታ" ኖርዌዮቹ "ግሮተ" የሚሉት እሱው ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ቃሉን ቫይኪንጎች ናቸው ያመጡት ይላል፣ እኔ አልስማማም። ከነሱ ቢመጣ ኖሮ አናባቢው እንዲህ አይሆንም ነበር፣ ወደ "ግሬት" የሚጠጋ ነገር ነበር የምንሰማው። አንግሎቹ አጠገብ የሰፈሩት ቫይኪንጎች ተመሳሳይ ቃል መናገራቸው እንዳይጠፋ ረድቶት ይሆናል፣ ይሄ ይገባኛል፣ ማምጣቱን ግን አላመጡትም።

ለኛ ሰው ነገሩን የሚያቀርበው የራሳችን ምሳሌ ነው። ግዕዝ ማልቀስን "በከየ" ይላል፣ ልቅሶን "ብካይ"። አረብኛ "በካ"፣ እብራይስጥ "ባኻ"፣ ትግርኛ ደሞ እስከዛሬ "በኸየ" ይላል። አማርኛ ብቻ ጥሎት "አለቀሰ" አለ። እና አንድ አማርኛ ተናጋሪ ተነስቶ "በኸየ የተሰባበረ አማርኛ ነው" ቢል ምን ትይዋለሽ? አሮጌውን የያዘው ትግርኛ ነው፣ የቀየርነው እኛ ነን። እንግሊዝኛና ስኮትስም ልክ እንደዛ ናቸው።

አሁን ወደ ጥንቱ ስኮትስ እንሂድ፣ እኔ ይሄን ቃል የወደድኩት እዚህ ጋር ነው። ከስኮትስ ረጃጅም የስነ ጽሑፍ ስራዎች የመጀመሪያው የሚባለው ጆን ባርበር የሚባል የአበርዲን ሊቀ ዲያቆን በ1370ዎቹ አጋማሽ ስለ ንጉስ ሮበርት ብሩስ የጻፈው ግጥም ነው፣ ከ13,000 መስመር በላይ። ብሩስ በ1306 ንግስናውን በተቀባ በወራት ውስጥ ሜትቨን የሚባል ቦታ ላይ ጦርነት ተሸነፈ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተራራ ለተራራ መንከራተት ጀመረ። ሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዳር ሲደርሱ ውሃ ውስጥ የሰመጠች አንዲት ትንሽ ጀልባ አገኙ፣ ከሶስት ሰው በላይ አትይዝም፣ ሌሊትና ቀን እየተመላለሱ ተሻገሩ። ማዶ ላይ ምግብ የለም፣ ሊያድኑ ወጡ። የሌነክስ ባላባት፣ አርል የሚሉት፣ ያን ሰሞን እዛው አካባቢ ነበር፣ ንጉሱ ሞቷል ብሎ ነው የሚያስበው። የአደን ቀንደ መለከት ድምጽ ሰማ፣ አነፋፉን ለየው፣ ተከትሎ ሄደና ንጉሱን በሕይወት አገኘው። ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ አብረዋቸው ያሉት ጌቶችም ሁሉ አለቀሱ።

ባርበር እዚህ ጋ ሲደርስ ታሪኩን ያቆመዋል። ያቆመውና ስለ አንድ ቃል ይከራከራል፣ ስለ "ግሪቲንግ"፣ ስለ ልቅሶ። እውነቴን ነው የምልሽ እነዚህ ሰዎች አለቀሱ አልልም ይላል፣ ምክንያቱም ልቅሶ ለወንዶች የሚመጣው ከመከፋት ነው፣ ያልተናደደ ወይ ያላዘነ ሰው አያለቅስም። (እዚህ መሃል ሴቶች ግን በፈለጉ ጊዜ ምንም ሳይነካቸው ጉንጫቸውን ማርጠብ ይችላሉ ብሎ ይጨምራል፣ እሷን አልወድለትም፣ የዘመኑ ሰው ነው።) ከዛ ግን ይቀጥልና ትልቅ ደስታ ወይም ርህራሄ ሰውን እንዲህ ሊነካው ይችላል፣ ውሃ ከልብ ይነሳና አይንን ያርሳል፣ ልቅሶ ይመስላል፣ ግን በሁሉም ነገሩ ልቅሶ አይደለም ይላል። ከልቡ የሚያለቅስ ሰው ልቡ አዝኗል ወይ ተቆጥቷል፣ የርህራሄ እንባ ግን ልብ መከፈቱ ብቻ ነው፣ ውስጡ ተዘግቶ የነበረውን ርኅራኄ የሚያሳይ።

ይሄን መጀመሪያ ሳነበው ወዲያው በአማርኛ ነው የገባኝ። "ሆድ ባሰው" እና "ሆዱ ባባ" አይደል እንዴ! ሆድ የባሰው ሰው ተበድሏል፣ ተከፍቷል፣ ያለቅሳል። ሆዱ የባባ ሰው ደሞ አይኑ እንባ ያቀራል፣ ግን አልተከፋም፣ ወንድሙን ከስንት አመት በኋላ ኤርፖርት ላይ ሲያየው ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል "አለቀሰ" ስንል የሆነ ነገር ይጎድላል። ባርበርም ያ ጉድለት ነው የተሰማው፣ ቋንቋው "ግሪት" የሚል አንድ ቃል ነበረው፣ ያ ቃል ደሞ ከባድ ነው፣ ንዴትና ሀዘን የተሸከመ ነው፣ የደስታ እንባ ላይ ሲያስቀምጠው አልገጥም አለው። አንቺ "የሰፈር" የተባልሽው ቃል ከ600 አመት በፊት አንድ ንጉስና አንድ ባላባት ሲገናኙ የሆነውን ለመግለጽ ይበቃል አይበቃም ተብሎ የተመዘነ ቃል ነው።

ሌላም አለ። በነሐሴ 1582 የስኮትላንዱ ንጉስ ጄምስ 6ኛ የ16 አመት ልጅ ሆኖ ፐርዝ አጠገብ ሩትቨን የሚባል ቤተመንግስት ተጋብዞ ገባ፣ መኳንንቱ አድመው ያዙት። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ልውጣ ሲል የግላሚሱ ጌታ የሚባለው በሩ ላይ ከለከለው፣ ልጁ ንጉስ አለቀሰ። ሰውየው ምን አለ፣ "ጢም ያላቸው ሰዎች ከሚያለቅሱ ልጆች ቢያለቅሱ ይሻላል።" ግሱ እሱው ነው፣ ግሪት። አስር ወር ያህል በእጃቸው ቆየ፣ በሚቀጥለው አመት ሰኔ ላይ አመለጠ፣ በ1603 ደሞ የእንግሊዝንም ዙፋን ወረሰ። አባባሉ ግን እስካሁን የስኮትላንድ ተረት ውስጥ አለ፣ ልጅ ሲቀጣ ይነገራል፣ አሁን ልጁ ያልቅስ እንጂ በኋላ ትልቁ እንዳያለቅስ ለማለት ነው።

ታዲያ የንጉስ ቃል እንዴት "የሰፈር" ሆነ? ድንገት የሆነ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ በኩል ቃሉ ቀድሞ ደክሞ ነበር፣ በ1579 ስፔንሰር የሚባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ የእረኞች ግጥሙ ውስጥ አንዱን እረኛ "ምን ያስለቅስሃል" ሲያስብለው ይሄንኑ ግሪት ነው የተጠቀመው፣ ግን መጽሐፉ ሲታተም አንባቢው እንዳይደናገር ከታች ማብራሪያ ተጻፈለት፣ ለቅሶ ማለት ነው ተብሎ። ለለንደን አንባቢ ቃሉ ባዳ ሆኗል ማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ግን ያን ጊዜም ሕያው ነበር፣ በዛው በ1579 ኤድንብራ ላይ የአገሩ የመጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ፣ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ነው የታተመው፣ የጄኔቫው ትርጉም እንዳለ። ስኮትስ የራሱ የታተመ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሳይኖረው ቀረ። እኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሰው ቤተክርስቲያን ሲሄድ ነቢዩም ማርያምም በእንግሊዝኛው የልቅሶ ቃል "ዊፕ" ሲያደርጉ ይሰማል፣ ቤቱ ሲገባ ልጁ ብቻ ነው "ግሪት" የሚያደርገው። እንደዛ እየሆነ አንዱ ቃል የመድረክ፣ አንዱ የጓዳ ሆነ። ከዛ ንጉሱ ለንደን ሄደ፣ ቤተመንግስቱ አብሮት ሄደ፣ ቆይቶም በ1872 ትምህርት ለሁሉም ልጅ ግዴታ ሲሆን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ፣ ስኮትስ የሚናገር ልጅ ተናግሮ ሲገኝ "በትክክል ተናገር" እየተባለ አደገ። ያ "እንዳትለምጂው" ያለሽ ሰው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፣ እሱም ልጅ ሆኖ የተባለውን ነው የሚደግመው።

ግን የጓዳ ቃል መሆኑ አልገደለውም፣ እንደውም አበዛው። ከግሪት ዙሪያ የበቀለውን ነገር ብትሰሚ። "ግሪቲን ፌስድ" ሁሌ ፊቱ የተኮሳተረ፣ አልቃሻ የሚመስል ሰው ነው። "ኤ ጉድ ግሪት" ደግሞ አንጀት የሚያርስ ልቅሶ፣ አልቅሶ የሚወጣለት ሰው የሚያደርገው። "ዋት ዪ ግሪቲን አባውት" ትልቅ ሰው ላይ ሲባል እንባ የለም፣ ምን ታለቃቅሳለህ፣ ምን ታማርራለህ ነው፣ የኛ "አለቃቀሰ" በሄደበት መንገድ ነው የሄደው። የከተማ ምክር ቤቶች ከምርጫ በፊት ያላቸው የመጨረሻ ስብሰባ ሳይቀር "ግሪቲን ሚቲን" ይባል ነበር፣ ወንበር የሚለቁት ተሰናባቾች ያሉበት የለቅሶ ስብሰባ እንደማለት።

ከልጆች ጋር ስለምትውይ ደሞ ይሄን ልዩነት ብታውቂ ይጠቅምሻል። "ገርን" ሲሉሽ ልጁ እየተነጫነጨ ነው፣ ፊቱን እያጨማደደ፣ እንባው ገና ነው። "ሳብ" ስቅስቅ ብሎ ማልቀስ ነው። "በብል" የሚሉት ንፍጥና እንባ የተቀላቀለበት፣ መሃረብ ይዘሽ የምትሮጪበት ነው። "ሮር" ካሉ በቃ እዬዬ ነው፣ ጎረቤት የሚሰማው። ግሪት መሃል ላይ ያለ ነው፣ ሁሉንም ሊሸፍን ይችላል። "ዊሽት" ሲሉ ደሞ ዝም በል ነው፣ አባባሉ ላይ ነው ቁም ነገሩ፣ ቆጣ ተብሎ ከተባለ ቁጣ ነው፣ ጀርባ እየተመታ ለስለስ ብሎ ከተባለ ግን እሹሩሩ ነው። "ዲኔ ግሪት" አታልቅስ ነው።

ቀብር ላይ የሚሰማው ልቅሶ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጥያቄሽ ላይ ባይኖርም የኛ ሰው ስለሚያቀላቅለው ልንገርሽ። የደጋው ጌሊክ ተናጋሪ እንደኛ ሙሾ ነበረው፣ አስከሬን ላይ ቆመው የሟቹን ጀግንነትና ዘር እየቆጠሩ የሚያወርዱ ሴቶች ነበሩ፣ የእኛን አልቃሽ በደንብ የሚያስታውስ ነገር። ያ "ኮሮናክ" ይባላል፣ ከጌሊክ ወደ ስኮትስ የገባ ቃል ነው። ግሪት ዜማ የለውም፣ አልቃሽም አይቀጠርበትም።

በነገራችን ላይ እንግሊዝኛም ይሄን ስር ሙሉ በሙሉ አላመለጠውም። "ሪግሬት" የሚለው ቃል፣ መጸጸት፣ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ እዛ ሟችን ማልቀስ ማለት ነበር፣ ፈረንሳይኛው ደሞ ከዚሁ ጀርመናዊ ስር ወስዶት ነው ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ስለዚህ ኢሜይል ላይ "ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ" ብሎ የሚጽፍልሽ መስሪያ ቤት ሳያውቀው ግላስጎኛ እያለቀሰልሽ ነው ማለት ይቻላል።

የራስሽን ቼክ ማድረግ ከፈለግሽ ሁለት ትላልቅ መዝገበ ቃላት አሉ፣ አንዱ እስከ 1700 ያለውን የጥንቱን ስኮትስ በ12 ቅጽ የያዘ፣ በ2002 የተጠናቀቀ፣ ሌላው ከ1700 ወዲህ ያለውን በ10 ቅጽ፣ ከ1931 እስከ 1976 የታተመ። ከ2004 ጀምሮ ሁለቱም አንድ ላይ ኦንላይን በነጻ አሉ፣ ግሪትን ፈልጊበት፣ ከባርበር ጀምሮ እስከ ትላንትና ያለው ተደርድሮ ታገኚዋለሽ። ድሮ አጻጻፉ አንድ አልነበረም፣ አናባቢው ሁለት ሶስት ዓይነት ሆኖ ተጽፎ ብታዪ አትደናገሪ፣ ያው ነው።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ሁለቱንም ትያዝ። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ያስተምራታል፣ አማርኛውን አንቺ፣ ግሪትን ደሞ ጓደኞቿ። የአራት አመት ልጅ ለማን በየትኛው እንደምታወራ ለመለየት ከኛ የተሻለች ናት። አንቺም ብትሆኚ የመዋያው ፎርም ላይ በእንግሊዝኛ ሙይ፣ ፎርሙ በሱ ነው የተዘጋጀው፣ አያትየው ልጁን ልትወስድ ስትመጣ ግን "ሂ ግራት ኤ ዊ ቢት" በያት፣ ትንሽ አልቅሶ ነበር። ግራት ነው የምትይው ግን፣ "ግሪትድ" ካልሽ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሰላምታ ሲሰጥ የዋለ ይመስላታል።